የመቆንጠጫዎቹ ግብር

ከካርድ ኩባንያው በፖስታ በመጣው ወረቀት ላይ ያለውን ድምር ዳና ሁለት ጊዜ አነበበችውና ቀና ብላ አባቷን አየችው። ቼስተር ጉላ ያረረ ዳቦ በቢላዋ እየፋቀ ነበር።

«አባዬ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ኪያር ሸጥክ?»

«የተለመደውን ያህል።»

«የተለመደው ይሄን አያመጣም። ይሄ እንዲመጣ የፔንሲልቬንያ ሕዝብ በሙሉ ቁርሱንም ኪያር መብላት ነበረበት።»

ቼስተር መመለስ የማይፈልገው ጥያቄ ሲመጣበት ፍሪጅ ከፍቶ ውስጡን የማየት ልማድ አለው። አሁንም ከፈተው። ዕድሜው ስልሳ ሦስት ነው፤ በገበያ አዳራሽ ውስጥ በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ ኪያር ይሸጣል፤ ቀኝ ጉልበቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጎንበስ ሲል የፍሪጁን በር ተደግፎ ነው። ዳና መደገፉን አየች። በሚያዝያ ጉልበቱ ይቀየርለታል፤ ቀጠሮው ተይዟል። ወጪውን የሚችለው የጤና መድኑ ነው፤ የመድኑን ክፍያ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚያግዘው መንግሥት ነው፤ መንግሥት የሚያግዘው ግን ገቢው ከተሰመረ መስመር ያላለፈውን ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ድምር መስመሩን ዘሎታል።

ደንቡ ለማንኛውም ነጋዴ አንድ ነው። በካርድ የሚሸጥ ሰው ካለ፣ ክፍያውን የሚያስተላልፈው ኩባንያ በዓመቱ በማሽኑ ያለፈውን ሁሉ ይደምርና በጥር አንዱን ወረቀት ለነጋዴው፣ አንዱን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይልካል። ማሽኑ ኪያርን ከኬክ አይለይም። የራሱን ኮሚሽን እንኳ ሳይቀንስ ነው የሚደምረው። ወረቀቱ የሚመጣው በማሽኑ ባለቤት ስም ነው፤ የእኔ ይህ ነው፣ ይህ የእኔ አይደለም ብሎ ማስረዳት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ለሃያ ዓመት የቼስተርን ግብር ሲሠራ የኖረው ኸርብ የሚባል ሰውዬ ግን ማስረዳት የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ የመጣለትን ቁጥር እንዳለ ጽፎ ይልካል። በመከር ወራት ኸርብ ጡረታ ወጥቶ ወደ ፍሎሪዳ ሄደና ሥራው ዳና ላይ ወደቀ። ዳና የምትሠራው የተማሪ አውቶቡሶች ባሉት ድርጅት ውስጥ ነው፤ የሾፌሮቹን ደመወዝ የምታሰላው እሷ ናት። ሳይጠየቅ የሚያልፍ ቁጥር አትወድም።

«የመቆንጠጫዎቹ ነው» አለ ቼስተር፣ ፊቱን ከፍሪጁ ሳያወጣ።

መቆንጠጫዎቹን ዳና ታውቃቸዋለች፤ በገበያው አዳራሽ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ከአባቷ ጎን የምትሸጠው ማሊንዳ ፒተርሻይም አሚሽ ናት፣ በፈረስ ጋሪ ከሚሄዱትና ከዘመኑ መሣሪያ ከሚርቁት ክርስቲያኖች አንዷ፤ ባሏ የሞተባት፣ ነጭ ቆብ የምታደርግ፣ ፓይ የሚባለውን ውስጡ በጣፋጭ የተሞላ ኬክ ጋግራ የምትሸጥ። የቤተ ክርስቲያኗ መሪ የጋዝ ምድጃ ፈቅዷል፣ የጋዝ ማቀዝቀዣ ፈቅዷል፤ የካርድ ማሽን አልፈቀደም። ከወረርሽኙ ወዲህ ደግሞ ሰው ጥሬ ገንዘብ መያዝ ተወ። ደንበኞቿ ፓዩን አሽትተው፣ ኪሳቸውን ዳብሰው መሄድ ሲያበዙ፣ ቼስተር አንድ ማክሰኞ «ወደ እኔ ላኪያቸው» አላት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ማሊንዳ ዋጋዋን ሁሉ በአምስት ዶላር ቆረጠች፤ ትንሹ ፓይ አምስት፣ ትልቁ ዐሥራ አምስት። ካርድ ለያዘ ደንበኛ በየአምስት ዶላሩ አንድ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ትሰጠዋለች። ደንበኛው መቆንጠጫውን ይዞ ወደ ቼስተር ይሻገራል። ቼስተር ካርዱን ማሽኑ ላይ ያስነካል፣ መቆንጠጫውን ሽርጡ ጠርዝ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ማሊንዳ እጁን አይታ ፓዩን ታስረክባለች። ገበያው ሲዘጋ ቼስተር እንደ ዶሮ ላባ የተሰካኩበትን መቆንጠጫዎች አንድ በአንድ እየነቀለ ይመልስላታል፤ ለእያንዳንዱ አምስት ዶላር ይሰጣታል። የሚጻፍ ነገር የለም።

«እሺ፤ ገንዘቡ የእሷ ነዋ» አለች ዳና። «ይህን ያህሉ ለማሊንዳ የተላለፈ ነው ብለን እንቀንሰዋለን፤ በስሟ ወረቀት እንልካለን፤ አለቀ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«እንዳለ ጻፊው። ኸርብም እንዳለ ነበር የሚጽፈው።»

ዳና እርሳሷን አስቀመጠች። «ቆይ፤ እስከ ዛሬ የፓዮቿን ግብር ስትከፍል የኖርከው አንተ ነህ?»

ቼስተር ፍሪጁን ዘጋ። «እነሱ ግብር አይከፍሉም። ሃይማኖታቸው ነው። ስሟን ወረቀት ላይ ካሰፈርኩ መንግሥት በሯ ላይ ይቆማል። መንግሥት ሲቆም የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ይሰማሉ። ከዚያ ገበያውን ትተዋለች። ለምን ብዬ? ለትንሽ ዶላር?»

«ትንሽ አይደለም። በዚህ ወረቀት ላይ ፓዩ ኪያሩን በልጦታል። እንዳለ ብጽፈው የመድኑ እርዳታ ይቀራል፤ አምና ያገዙህንም መልስ ይሉሃል። ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴ አራት ዓመት ጠብቋል። ይጠብቃል።»

«ጉልበት አይጠብቅም፣ አባዬ። ያልቃል።»

«አልቋል እኮ። ካለቀ በኋላ ደግሞ ምን ይሆናል?»

ዳና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ የሚያከብረው ሦስት ነገር ነው፤ የኪያሩን ጨው፣ ቤዝቦልን፣ ማሊንዳን። ሦስተኛውን ማንም በአፉ አያነሳውም። አሚሽ ከአሚሽ ውጭ አያገባም፤ ቼስተርም ጠይቆ አያውቅም፤ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ አንዳቸው የመሸጫ ቦታ ይቀይር ነበር። ዳና በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ግን ማክበርና ጉልበት መስጠት ይለያያል ብላ ታምናለች።

አርብ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አባቷን ላግዝ ብላ ገበያ ሄደች። አርብ ጠዋት ቼስተር ከኪያሩ ጋር የሚሸጠውን፣ እንደ ሰናፍጭ የሚያቃጥልና ዓይን የሚያስለቅስ ነጭ ሥር የሚፈጭበት ቀን ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ቢፈጨው ገበያተኛው ሁሉ ለቀብር የመጣ ስለሚመስል ከኋላ በኩል፣ ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ወጥቶ ነው የሚፈጨው። የመዋኛ መነጽሩን አድርጎ እያነከሰ እስኪወጣ ጠበቀችና ወደ ማሊንዳ ዞረች። ማሊንዳ የፓይ ካርቶን እያጠፈች ነበር። በእነሱ ዘንድ ሕፃኑም ሽማግሌውም በስሙ ነው የሚጠራው፤ ዳናም ከልጅነቷ ጀምሮ በስሟ ነው የምትጠራት፤ እርስዎ ማለቱን ግን ትታ አታውቅም።

«ማሊንዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ዋጋ ከሆነ አልቀንስም።»

«ስለ ግብር ነው።»

«እሱን ደግሞ እነሱ አይቀንሱም።»

«እርስዎ… ይከፍላሉ?» አለች ዳና።

«አንቺ ትከፍያለሽ?»

«እከፍላለሁ እንጂ።»

«እኔስ ለምን አልከፍልም? በመንግሥት መንገድ አይደል የምመጣው?»

«ሰው አሚሾች አይከፍሉም ይላል።»

«ሰው ብዙ ይላል። ቱሪስቱ ሁሉ ፈረሴን ፎቶ ካነሳ በኋላ ጥርስ ሐኪም እንሄድ እንደሆነ ይጠይቀኛል።» ማሊንዳ ካርቶኑን አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። «የማንከፍለው የጡረታውን ነው፤ ሽማግሌዎቻችንን ራሳችን ስለምንጦር። የገቢውን ግብር ግን በጥሬም ይምጣ በመቆንጠጫ፣ የሸጥኩትን ሁሉ አስታውቄ ነው የምከፍለው። አትከፍልም ያለሽ ማነው?»

እዚህ ላይ ዳና ማቆም ነበረባት። ነገር ሲጀምር ካልጨረሰች አትተኛም፤ ነገረቻት። ስለ ወረቀቱ ነገረቻት፣ ስለ ኸርብ ነገረቻት፣ ስለ ጉልበቱና ስለ መድኑ ነገረቻት። ማሊንዳ እጇ ካርቶን ላይ እንዳለ ሰማቻት።

«የእኔን ፓይ ግብር እሱ ሲከፍል ነበር?»

«አዎ።»

«እኔም ስከፍል ነበር።»

«አዎ።»

«እና መንግሥት ከአንድ ፓይ ሁለት ጊዜ ሲበላ ምንም አላለም?»

«መንግሥት ሲደርበው አይናገርም። ኮሚሽኑም እንዲሁ…»

«የምን ኮሚሽን?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዳና የቀረውንም ተናገረች። ካርድ በተነካ ቁጥር ኩባንያው ትንሽ ይቆርጣል፤ ከአምስቱ ዶላር ቼስተር እጅ የሚገባው አምስት አይሞላም። እሱ ግን ለአንድ መቆንጠጫ ሙሉ አምስት ነው የሚመልሰው። ጉድለቱ ከኪያሩ ነው የሚሞላው።

ማሊንዳ የመቆንጠጫውን ማሰሮ አንስታ ከጠረጴዛው ሥር አስገባች። አንድ ካርቶን ገልብጣ በትልልቁ «ጥሬ ገንዘብ ብቻ» ብላ ጻፈችና ከፓዮቹ ፊት አቆመችው።

ቼስተር ዓይኑ ቀልቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተመለሰ። ጽሑፉን አነበበ።

«መቆንጠጫው አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም» አለች ማሊንዳ።

«ታዲያ?»

«ሌባ መቆንጠጫ አታድልም።»

ቼስተር ልጁን አየ። ዳና ኪያሮቹን አየች።

«እኔ ሌባ አላልኩሽም።»

«ግብር አትከፍልም አልክ። በእኛ ሰፈር እሱ ሌባ ነው የሚባለው። በእናንተ ምን ትሉታላችሁ?»

«ሃይማኖትሽ መስሎኝ ነው።»

«የቄሣርን ለቄሣር የሚለው ጋ ስንደርስ ገጹን ዘለን የምናነብ መሰለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንቺ አልነገርሽኝ።»

«አልጠየቅኸኝማ። እዚህ ከጎኔ ቆመህ ስለ ዝናብ ትነግረኛለህ፣ ስለ ጉልበትህ ትነግረኛለህ፣ ማን ኳስ እንደሳተ ትነግረኛለህ። አንድ ቀን ‹ማሊንዳ፣ ግብር ትከፍያለሽ?› ማለት አቃተህ።»

«ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

«ሳይጠሩት አቤት ከማለት ይሻላል።»

ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት መጥታ ሁለት ትልልቅ ፓይ አዘዘችና ካርዷን አወጣች። ማሊንዳ ጽሑፉን አሳየቻት። ሴትየዋ የለመደችውን መቆንጠጫ በዓይኗ ፈለገች፣ ቼስተርን አየች፣ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌም እንዲሁ ሄዱ። ቼስተር የሄደ ደንበኛ ሲያይ የራሱ ባይሆንም ያመዋል፤ ሁለት ጊዜ «ወደ እኔ ይምጡ» አለ፣ ሁለቱንም ጊዜ ማሊንዳ እንዳልሰማች ሆነች። በየገበያው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሞላሰስ ፓይ ቆርሳ በወረቀት አድርጋ ያለ ቃል ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለት ነበር። ያን ቀን አራት ሰዓት መጥቶ አለፈ። ቼስተር ሰዓቱን ሲያይ ዳና አየችው።

ገበያው ሲዘጋ የማሊንዳ ፓይ ግማሹ አልተሸጠም ነበር። ራሳቸው መኪና የማይነዱትን አሚሾች የሚያመላልሰው የኪራይ መኪና መጥቶ ቅርጫቶቿን ሲጭን ደህና እደሩ አላለችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሚነዳው ቼስተር ነበር፤ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል።

«ደስ አለሽ?» አላት።

«አላለኝም። ግን አንድ ነገር አወቅን፤ ከፍላለች። ስለዚህ አንተ የምትፈራው መንግሥት በሯ ላይ አይቆምም። የዘንድሮውን በትክክል ከጻፍነው ከመስመሩ በታች ትወርዳለህ፤ ቀዶ ጥገናህ አይነካም። ያለፉትንም አስተካክለን ማስመለስ እንችላለን፤ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ጊዜው አልፎበታል፤ እሱን ለመንግሥት መርቀው።»

«ታዲያ ጻፊው።»

«በማሊንዳ ስም ወረቀት ለማውጣት የግብር ቁጥሯ ያስፈልገኛል። ይህን ያህል ተቀብያለሁ ብላም ማመን አለባት።»

«አታናግረኝም እኮ።»

«እኔንም አታናግረኝም። አንተን ግን ከልቧ ነው ያኮረፈችህ፤ ያ ይሻላል።»

ቼስተር ይህ እንዴት እንደሚሻል ሲያስብ ቤት ደረሱ።

የቀረው ጥያቄ «ይህን ያህል» የሚለው ስንት እንደሆነ ነበር። መቆንጠጫ አይጻፍም፤ ማሊንዳ ራሷም ያስታወቀችው ጠቅላላ ሽያጯን ነው፤ በካርድ የመጣውንና በእጅ የመጣውን አልለየችም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳና ኮምፒውተሯን ከፍታ የካርድ ኩባንያው የመዘገበውን የዓመቱን ክፍያ በሙሉ አወጣችና ተስፋ በመቁረጥ ወደ ታች ትወርድ ጀመር። ወርዳ ወርዳ ቆመች።

እናቷ በሕይወት ሳለች የኪያሩን ዋጋ የምትቆርጠው እሷ ነበረች። ክብ ዋጋ ሰው ያከራክራል የሚል እምነት ነበራት፤ ስለዚህ የቼስተር ዕቃ በሙሉ እስከ ዛሬ መጨረሻው ሰባት ሳንቲም ነው። ሞታም ቼስተር አልቀየረውም። ማሊንዳ ደግሞ ከአምስት ዶላር ሌላ ዋጋ አታውቅም። ደንበኛው ከሁለቱም የገዛ እንደሆነ ቼስተር መጀመሪያ የመቆንጠጫውን፣ ቀጥሎ የኪያሩን ለብቻ ለብቻ ያስነካል፤ አንዱን መቆንጠጫ ሳይሰካ ሌላ ነገር አይነካም። ሳንቲም ያለው ሁሉ የእናቷ ነበር፤ ክብ የሆነው ሁሉ የማሊንዳ። ዳና ለብቻዋ ሳቀች። ከዚያ ስለ እናቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ለየችው።

ማክሰኞ ገበያው ሳይከፈት ድምሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ለማሊንዳ ሰጠቻት፤ እንዴት እንዳገኘችውም አስረዳቻት። ማሊንዳ ወረቀቱን ከፊቷ አርቃ አየችው።

«ከሽያጬ ግማሹ በእሱ በኩል ይመጣል እል ነበር። ወደዚያው ነው። እናትሽ ጎበዝ ነበረች። ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የግብር ቁጥርዎን።»

«እሰጥሻለሁ። መጀመሪያ ግን እሱ ይህን ይወስዳል።» ከሽርጧ ኪስ ወፈር ያለ ፖስታ አውጥታ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ባለው ጠርዝ ላይ አኖረችው። «የኮሚሽኑ ነው። ሙሉውን ባላውቅም የጎደለ አይመስለኝም።»

«አልወስድም» አለ ቼስተር፣ በርሜሉን እያማሰለ።

«ካልወሰድክ ቁጥር የለም።»

«ማሽኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። ኮሚሽን የሚከፍለው ባለማሽኑ ነው።»

«ፓዩን የጋገርኩት እኔ ነኝ።»

«አባዬ፣ ውሰድ» አለች ዳና።

«አንቺ አትግቢ።»

«እኔ ነኝ እኮ ወረቀቱን የምሞላው። ማሊንዳ፣ ቁጥሩን ይስጡኝና ስለ ፖስታው እስከ ገና ተጨቃጨቁ።»

«አንቺም አትግቢ» አለች ማሊንዳ።

ገበያው ተከፈተ። ፖስታው ጠርዙ ላይ እንዳለ ቆየ፤ ማንም አልነካውም። «ጥሬ ገንዘብ ብቻ» የሚለውም እንደቆመ ነው። አንድ ደንበኛ ፖስታውን አይቶ «ይሄ የማነው?» ሲል ሁለቱ በአንድ ድምፅ «የእኔ አይደለም» አሉት። ዳና ከመሃላቸው ቆማ የተማሪ አውቶቡስ ሾፌሮችን ናፈቀች፤ እነሱ ቢያንስ ገንዘብ ሲሰጧቸው ይወስዳሉ።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ቼስተር ከጠረጴዛው ሥር የማሰሮ ክዳን ሊያነሳ ቁጢጥ አለ። አልተነሳም። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም፤ ቼስተር እዚያው ሆኖ ክዳን የሚመርጥ ነበር የሚመስለው።

«አባዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ተቀምጬ ነው።»

«ልትነሳ ትችላለህ?»

«ቆይ፤ እየጠበቅኩ ነው።»

ማሊንዳ በጠረጴዛው ላይ አንገቷን አስግጋ ቁልቁል አየችው። ሄዳ መጥረጊያዋን አመጣችና እንጨቱን ዘረጋችለት። ቼስተር በአንድ እጁ እንጨቱን፣ በሌላው የዳናን ክንድ ይዞ ተነሣ። ላብ አጥምቆታል።

«ይሄ ነው ይጠብቃል የተባለው ጉልበት?» አለች ማሊንዳ።

ቼስተር ትንፋሹ እስኪመለስ እንጨቱን ተደግፎ ቆየና «ማሊንዳ፣ አራት ሰዓት ላይ የምታመጭልኝ ቁራሽ ዋጋው ስንት ነው?» አላት።

«ዋጋ የለውም። የምሸጥልህ አይደለም፤ የሰጠሁህ ነው።»

«አራት ዓመት ሙሉ የሰጠሽኝን በልቼ ዝም አልኩ። ልክፈል አላልኩሽም። አንቺም ዝም በይ።»

ማሊንዳ ስታስብ እጇ አያርፍም። አንድ ካርቶን አጠፈች። ሌላ አጠፈች። ሦስተኛውን ጀምራ ተወችው። ፖስታውን አንስታ ኪሷ ከተተችው።

«ያለፈው አለፈ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ኮሚሽኑን ቀንሰህ ነው የምትሰጠኝ።»

«እሺ።»

«ቁራሹም ቀረ። የፈለገ ይሰለፋል።»

ቼስተር ፓዮቹን አየ። «እሺ።»

«ዳና፣ ጻፊ።»

ዳና ብዕሯን እስክታወጣ ቼስተር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጎረቤት ሁሉን መስማት የለበትም። ማሊንዳ ቁጥሩን ቀስ ብላ ነገረቻት፤ ጽፋ ስትጨርስ መልሳ እንድታነብላት አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመቆንጠጫውን ማሰሮ አወጣች፤ ጽሑፍ ያለበትን ካርቶን ገልብጣ አጠፈችውና ፓይ አስገባችበት።

ሁለት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ቼስተር ከጠረጴዛው ዞሮ ወጥቶ ከኋላቸው ቆመ። ተራው ሲደርስ «አንድ ትንሽ የሞላሰስ» አለ።

«ጥሬ ነው ካርድ?» አለችው ማሊንዳ።

«ካርድ።»

አንድ መቆንጠጫ ሰጠችው። ቼስተር እያነከሰ ወደ ራሱ ጠረጴዛ ዞረ፣ የራሱን ካርድ አውጥቶ የራሱን ማሽን አስነካ፣ መቆንጠጫውን ሽርጡ ላይ ሰካ፣ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ማሊንዳ እጁን አየችና ፓዩን ይዛ ቆመች፤ እሱም እያነከሰ ተመልሶ ተቀበላት።

«አባዬ» አለች ዳና፣ «ይሄ እኮ በሚመጣው ዓመት ወረቀት ላይ ይመጣል።»

«ይምጣ። ክብ ነው፤ የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

ግብሩ በጊዜው ገባ። የመድኑ እርዳታ አልተነካም፤ የቼስተር ጉልበት በሚያዝያ ተቀየረ። እሱ እስኪያገግም ዳና ማክሰኞና አርብ ፈቃድ እየወሰደች በቦታው ቆመች፤ ማሽኑ ላይም ለመቆንጠጫው የብቻው ቁልፍ አበጀች፤ ካሁን በኋላ እሑዷን ለኪያር የመስጠት ሐሳብ የላትም። ማሊንዳም «እጅሽን የምታነሺው ዝቅ አድርገሽ ነው» እያለች ስትነቅፋት ከረመች።

ቼስተር የተመለሰው ሰኔ ላይ፣ ምርኩዝ ይዞ ነው። ከማሽኑ ፊት በርጩማ አስቀምጠውለት አልተቀመጠበትም፤ የተቀመጠ ሰው ኪያር አይሸጥም አለ። ያን ቀን ብዙ መቆንጠጫ ሰካ። ገበያው ሲዘጋ ከሽርጡ እየነቀለ ቆጠረ፤ ኮሚሽኑን በማሽኑ ላይ አይቶ ቀነሰ፤ የተረፈውን እስከ ሳንቲሙ ለማሊንዳ ሰጣት። ማሊንዳም ቆጠረች።

«ልክ ነው?» አላት።

«ልክ ነው።»

የሚያመላልሳት መኪና ውጭ ጥሩንባ ነፋ። ማሊንዳ ነጠላ ጫማዋን ልትቀይር ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ቼስተር ከኪሱ ለኮሚሽኑ የቀነሰውን ያህል ዶላርና ሳንቲም አውጥቶ ባዶ ቅርጫቷ ውስጥ፣ ከተነጠፈው ጨርቅ በታች ሸጎጠው። ቀና ሲል ከዳና ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

ዳና የማሰሮዎቹን ክዳን መግጠሟን ቀጠለች። ያ ገንዘብ በካርድ አላለፈም፤ እሷን አይመለከታትም።